ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዱ ስብሰባዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙ ሰው የስብሰባውን አድራሻ በኪሱ ይዞ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያሳልፋል። እግሩን የሚይዘው በሩን ከፍቶ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው አለማወቁ ነው። የሚከተሉት መልሶች በአብዛኛው ስለ ኤኤ ናቸው፤ በየከተማው በቀላሉ የሚገኘው እሱ ስለሆነ።

ኤኤ ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ ውስጥ፣ ከመጠጥ መላቀቅ ያቃታቸው ሁለት ሰዎች ጀመሩት፤ አንዱ በአክሲዮን ገበያ የሚሠራ፣ ሌላው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። የተረዱት ነገር ቀላል ነበር፦ አንድ ጠጪ ችግሩን ለሌላ ጠጪ ሲያወራ ሁለቱም ሳይጠጡ ያድራሉ። ዛሬ በ180 ገደማ አገሮች ውስጥ አለ። የአባልነት መዋጮም ሆነ የአባላት መዝገብ የለውም። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። የጽዋ ማኅበር የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ መሪው እንደ ማኅበር ሙሴ ሥነ ሥርዓት ያስከብራል እንጂ በማንም ላይ ሥልጣን የለውም።

ከመሄዴ በፊት መጠጡን ማቆም አለብኝ?

የለብዎትም። እንዲያውም በየቀኑ የሚጠጡ፣ በተለይም ጠዋት አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሱ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ሐኪም ሳያማክሩ በአንድ ቀን ቀጥ አድርገው አያቁሙ። የለመደ ሰውነት መጠጥ ሲቀርበት ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ቅዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ቦታ ማምታታት ሊከተል ይችላል፤ ይህ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ከዚህ በፊት ለማቆም ሲሞክሩ መንፈራገጥ ወይም ቅዠት ደርሶብዎት ከሆነ በቤትዎ አይሞክሩት።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠጡና የመጨረሻው መቼ እንደነበር ሳይቀንሱ ይንገሩት። የሚሰጥዎት መድኃኒት መጠን በዚያ ይወሰናል። የምግብ ፍላጎት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶብዎት ከነበረ ስለ ቫይታሚን ቢ1ም ይጠይቁ፤ እጥረቱ አንጎልን ይጎዳል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ድንገተኛ ከሆነ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአሜሪካ 911 ነው።

ጠበል ለመግባት ያሰቡ ሰዎችም ይህን ይስሙን፤ በእምነትዎ ላይ የምንለው ነገር የለም። ጠበል ቦታ ሲደርሱ መጠጡ በአንድ ቀን ይቋረጣል፣ ብዙ ጊዜም ምግብ ይቀንሳል። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን የሚመጣው መንቀጥቀጥና ቅዠት ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም መሆኑን አስታማሚዎ ካላወቀ፣ መንፈስ ነው ብሎ ዝም ሊል ይችላል። መጀመሪያ ይታከሙ፣ ቀጥለው ይሂዱ።

ስብሰባ የት እንደሚገኝ እንዴት አውቃለሁ?

አሜሪካ ለሚኖር ሰው ቀላሉ መንገድ «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። ነፃ ነው፤ ምልክቱ በሰማያዊ ላይ ነጭ ወንበር ነው። ካሉበት ቦታ ጀምሮ ቅርብ ቅርቡን ያሳያል፣ በቀን፣ በሰዓትና በስብሰባ ዓይነትም ያጣራል። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ከንጋት እስከ ማታ ስብሰባ አይጠፋም፤ ለሌሊት ታክሲ ነጂዎች የንጋቱ ይመቻል። መተግበሪያ የማይመቸው ሰው የአካባቢውን የኤኤ ጽሕፈት ቤት ስልክ ፈልጎ ይደውል። ስልኩን የሚያነሱት ብዙውን ጊዜ ራሳቸው አባላት ናቸው። ስብሰባው አሁንም እየተካሄደ ነው ወይ? ክፍት ነው ወይስ ዝግ? በየትኛው በር ነው የሚገባው? በአማርኛ የሚናገር አባል ወይም የአማርኛ ስብሰባ በአቅራቢያ ይኖራል? እነዚህን አራቱን ከጠየቁ ይበቃል።

የበሩን ነገር በከንቱ አላነሳንም። አብዛኞቹ ስብሰባዎች በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም አዳራሽ ውስጥ ስለሚደረጉ ዋናው በር ተቆልፎ መግቢያው በጎን ወይም በጓሮ ይሆናል። በራድ ያለ ማታ ዋናውን በር ገፍቶ አልከፈት ሲለው «አልተፈቀደልኝም» ብሎ የተመለሰ ስንት ሰው አለ! 15 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፣ ሰዎች የቆሙበትን በር ይፈልጉ።

ክፍትና ዝግ ስብሰባ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ወደ ክፍቱ ማንም መግባት ይችላል፤ ባለቤትዎን ወይም ጓደኛዎን ይዘው መሄድ ይችላሉ። ወደ ዝጉ የሚገባው ራሱ የመጠጥ ችግር ያለበትና ማቆም የሚፈልግ ብቻ ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ በክፍቱ ይጀምሩ።

በመጀመሪያው ቀን ምን ይሆናል?

በክብ ወይም በረድፍ የተደረደሩ ታጣፊ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ የቡና ማፍያ፣ ጠረጴዛ ላይ በራሪ ጽሑፎች ያያሉ። አንድ ሰው በር ላይ ሰላም ብሎ እጁን ይዘረጋልዎታል። መዝገብ ላይ ፈርሙ፣ መታወቂያ አሳዩ የሚል የለም።

በሰዓቱ መሪው አጭር የመክፈቻ ጽሑፍ ያነባል። ቀጥሎ «ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ አለ?» ይላል። እጅ ማውጣት ግዴታ አይደለም፤ ካወጡ ግን ከስብሰባው በኋላ ሰዎች ወደ እርስዎ ይመጣሉ፣ ጥያቄውም የሚጠየቀው ለዚሁ ነው። ከዚያ ወይ አንድ ሰው ታሪኩን ይናገራል፣ ወይ ከመጽሐፍ ይነበባል፣ ወይ በአንድ ርዕስ ላይ በተራ ይወራል። ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሰጠዋል። ጠቅላላው 1 ሰዓት፣ ቢበዛ 1 ሰዓት ተኩል ነው።

አንድ ነገር ለእኛ ሰው እንግዳ ይሆንበታል። ሰው ችግሩን ሲናገር መክሮ ማጽናናት የለመድነው ወግ ነው። እዚህ ግን አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ «አመሰግናለሁ» ይባልና ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። ልብን ከፍቶ ከተናገሩ በኋላ ማንም መልስ ሳይሰጥ ሲቀር አልሰሙኝም ብለው ቅር አይሰኙ። ሰው ሳይፈራ እንዲናገር ሲባል በስብሰባው መካከል ማረምም ሆነ መምከር አይፈቀድም። የሚያነጋግርዎት ሰው ስብሰባው ሲያበቃ ይመጣል።

መሐል ላይ ቅርጫት ይዞራል። የሚጣለው አንድ ወይም ሁለት ዶላር ነው፣ ለክፍሉ ኪራይና ለቡናው የሚውል፤ አዲስ ሰው ዝም ብሎ ቢያሳልፈው ማንም አያየውም። በብዙ ቦታ መጨረሻ ላይ ለአዲስ ሰው የ24 ሰዓት ማስታወሻ ሳንቲም ይሰጣል፤ 30፣ 60፣ 90 ቀን እያለም ይቀጥላል።

ትልቁ ስህተት ልክ እንዳበቃ ወደ መኪና መሮጥ ነው። ስልክ የሚለዋወጡት በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ስልክ ሳይዙ አይውጡ፤ በማግሥቱም ሳይጨንቅዎት ለአንዱ ደውለው ሰላም ይበሉ። ጭንቅ ሲመጣ ለማያውቁት ሰው መደወል ከባድ ነውና አስቀድመው ይልመዱት።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ መናገር ግዴታ ነው?

አይደለም። ተራዎ ሲደርስ «ፓስ» ማለት በቂ ነው፣ ለወራትም እንዲሁ ማድረግ ይችላሉ። ስምዎን ሲናገሩ የመጀመሪያው ስም ብቻ ይበቃል፤ የአባት ስም አይጠራም። «አልኮሊክ ነኝ» ማለት ካልፈለጉም ስምዎን ብቻ ይበሉ። ቋንቋው ካስቸገረዎት የንባብ ስብሰባ ይምረጡ፤ በየሳምንቱ ከአንድ መጽሐፍ ስለሚነበብ ቀድመው አንብበው መሄድ ይችላሉ።

የማውቀው ሐበሻ ቢያየኝስ?

ይህ ጥያቄ ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል፣ ተገቢም ነው። ከተማው ትልቅ ቢሆንም እኛ ጥቂት ነን፤ በእድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በሠርግ እንገናኛለን። መጀመሪያ ያስቡት፦ እዚያ ያገኙት ሰው የመጣው በዚያው ምክንያት ነው፣ የእርስዎን ምሥጢር ሲያወጣ የራሱንም ያወጣል። ይህ ካላረጋጋዎት ከሰፈርዎ በመኪና ግማሽ ሰዓት ርቀው ይሂዱ። እኛም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን እንመርጣለን።

ምሥጢር መጠበቅ የኤኤ መሠረት ነው፤ ግን የሕግ ከለላ እንዳልሆነ በደንብ ይወቁ። ለሐኪም፣ ለጠበቃ ወይም ለንስሐ አባት የተነገረ ቃል የሚያገኘው ጥበቃ በስብሰባ ለተነገረ ቃል አይሰጥም። ያልተዘጋ የፍርድ ቤት ጉዳይ ካለዎት ዝርዝሩን በቡድን ፊት አያንሱ፣ ለጠበቃዎ ይንገሩ። የስደት ጉዳይ ያላቸው ሰዎችም ይጨነቃሉ። ኤኤ የአባላት መዝገብ ስለሌለው መገኘትዎን ለማንም መሥሪያ ቤት አያሳውቅም። በአሜሪካ የዜግነት ማመልከቻ ላይ ጥያቄ የሚያስነሳው የመጠጥ ልማዱና ጠጥቶ የመንዳት ክስ ነው፤ ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት የስደት ጉዳይ ጠበቃ ያማክሩ።

ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭም?

አባላት ከመጠጥ ለመላቀቅ በተራ የሚከተሏቸው የኤኤ 12 እርምጃዎች ፈጣሪን ይጠቅሳሉ፤ ሆኖም «እኛ እንደምንረዳው» የሚል ቃል ታክሎበታል። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም የየራሱን አምላክ ያስባል፣ ምንም የማያምንም ይቀመጣል። አንዳንድ የአሜሪካ ቡድኖች መጨረሻ ላይ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ የማይመቸው ዝም ብሎ ይቆማል፣ ማንም አይቆጣም። ሙስሊም ለሆነ ሰው መጠጡ ራሱ ሐራም ስለሆነ ሐፍረቱ እጥፍ ነው። ከቤት ሆኖ ካሜራ ዘግቶ መጀመር በተለይ ለእሱ ይጠቅማል።

መንፈሳዊ ቋንቋው ጨርሶ የማይስማማዎት ከሆነ ስማርት ሪከቨሪ አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን ፍላጎትን የመቆጣጠርና ሐሳብን የመመርመር ልምምድ ላይ ያተኩራል፤ በሠለጠነ አስተባባሪ ይመራል፣ እርስ በርስ መነጋገርም ይፈቀዳል። ሁለቱንም የሚከታተሉ ሰዎች አሉ።

ኢትዮጵያ ወይም ዓረብ አገር ነኝ፤ በአቅራቢያዬ ስብሰባ የለም። ምን ላድርግ?

በዙም የሚካሄዱ ስብሰባዎች በየሰዓቱ ማለት ይቻላል አሉ፤ ዝርዝራቸው የኤኤ የኢንተርኔት ኅብረት ገጽ ላይ ይገኛል። ከመግባትዎ በፊት ዙም ላይ ያለውን ስምዎን ይለውጡ። ብዙ ሰው ስሙን ከነአባቱ፣ ፎቶውንም ጨምሮ እንደያዘ ይገባል፤ መለያው ከኢሜይሉ ጋር የተያያዘ መሆኑን ይረሳዋል። አንድ ፊደል ወይም የመጀመሪያ ስም ይበቃል። ካሜራና ድምፅ ዘግተው መስማት ይችላሉ፤ ጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት አገር ካሉ ከተማዎን፣ አሠሪዎንና መጠጡን ያገኙበትን ቦታ በፍጹም አይጥሩ።

ሰዓት ማምታታት ብዙ ሰው ያስቀራል። በኒውዮርክ ሰዓት ቀትር ላይ የሚጀምር ስብሰባ በአዲስ አበባ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በፈረንጆች ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓታቸውን ሲለውጡ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ሪያድ፣ ጅዳና ኩዌት ከአዲስ አበባ እኩል ናቸው፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች።

ስፖንሰር ማለት ምንድን ነው?

የቪዛ ስፖንሰር አይደለም፤ ቃሉ ዓረብ አገር የኖረን ሰው ያስደነግጣል። በኤኤ ስፖንሰር ማለት ከእርስዎ ቀድሞ መጠጥ ያቆመ፣ 12ቱን እርምጃዎች አብሮዎት የሚሄድ፣ ሲጨንቅዎት የሚደውሉለት ሰው ነው። አይከፈለውም፣ በእርስዎ ላይም መብት የለውም። ቢያንስ 1 ዓመት ሳይጠጣ የቆየ፣ ራሱም ስፖንሰር ያለው፣ ከእርስዎ ጋር ተመሳሳይ ጾታ ያለው ሰው ይምረጡ። ገንዘብ የሚበደር፣ ሥራ እንዲሠሩለት የሚያዝ፣ ከቤተሰብ የሚያጣላ ከሆነ ይተውት፤ መለወጥ ነውር አይደለም።

ሴት ነኝ፤ ብቻዬን መሄድ ያስፈራኛል።

የሴቶች ብቻ ስብሰባዎች አሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ተለይተው ይጻፋሉ። በቅይጥ ስብሰባ ስልክዎን ለሴቶች ብቻ ይስጡ። ነባር ነኝ እያሉ አዲስ ሴት ላይ የሚያንዣብቡ ወንዶች በየቦታው ይኖራሉ፤ «ቤት ላድርስሽ» ሲል እምቢ ማለት ነውር የለውም፣ ለስብሰባው መሪ መንገርም መብትዎ ነው። ልጅ ይዘው መግባት ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ፍርድ ቤት ነው የላከኝ። ማነው የሚፈርምልኝ?

መገኘትዎ የሚፈረምበትን የፍርድ ቤት ወረቀት ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ለመሪው ይስጡ፣ ሲያበቃ ተፈርሞ ይውሰዱ። መፈረም የየቡድኑ ውሳኔ ስለሆነ የማይፈርሙም አሉ፤ ቀድመው ይጠይቁ። ፈራሚው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ይጽፍ ይሆናል፤ የዙም ስብሰባም ላይቆጠር ይችላል። ሁለቱንም ከሚከታተልዎት የፍርድ ቤት ሠራተኛ ያረጋግጡ።

በእርግጥ ይሠራል? ስንት ጊዜስ ልሂድ?

በ2020 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ አጥኚ ድርጅት 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ግምገማ አወጣ። ሰዎችን ወደ ኤኤ የሚመሩ የተዘጋጁ ፕሮግራሞች፣ በ12ኛው ወር ጨርሶ ሳይጠጡ በመቆየት ረገድ ከሌሎች የታወቁ የንግግር ሕክምናዎች ብልጫ አሳይተዋል፦ 42 ከመቶ ለ35 ከመቶ። ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት አይደለም፤ ነፃ የሆነና በየሠፈሩ ያለ ነገር ይህን ያህል መርዳቱ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ነባር አባላት «በ90 ቀን 90 ስብሰባ» ይላሉ። ሥራና ልጆች ላለው ሰው ካልሆነለት በሳምንት 3 ይበቃዋል ብለን እናምናለን። አንዱን ስብሰባ ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ልክ አይደለም፤ በአንዱ አዳራሽ ሽማግሌዎች ብቻ፣ በሌላው የ20 ዓመት ወጣቶች ሊገጥሙዎት ይችላሉ። ቢያንስ 6 የተለያዩ ቦታዎችን ይሞክሩ።

ማኅበር፣ ሠርግና ለቅሶ ቤትስ?

የእኛ ሰው በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ጠላ የሚቀዳው ከኋላ ነው፣ ብርጭቆው ጎደል ሲል ሳያዩት ይሞላል። ስለዚህ ገና ሲቀመጡ ብርጭቆዎን በውኃ ወይም በለስላሳ ያስሞሉ፣ ቀጂዋ ስትመጣ መዳፍዎን አፉ ላይ ያድርጉ። «ለበረከት አንድ ብቻ» ሲባሉ «አልጠጣም፣ ይቅርታ» ብለው ያቁሙ። ምክንያት መደርደር ክርክር ይጋብዛል። ቅራሪ ቢቀጥንም አልኮል አለው። ብርዝ ያልተብላላ ቢሆንም ካደረ መብላላት ይጀምራል፤ የተበጠበጠበትን ሰዓት የማያውቁትን ይተዉ። ስለ ቁርባን የሚጠይቁም አሉ፤ በቤተ ክርስቲያናችን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ተጨምቆ እንጂ ከተብላላ ወይን አይደለም፣ የቀረውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ግን ለቅሶ ደርሶ ቶሎ መውጣት፣ ድግስ ላይ አለመገኘት ይሻላል። ቅር የሚለው ዘመድ በኋላ ይረዳዎታል።

ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት አቁም ቢሉኝስ?

አያቁሙ። የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሰው ናልትሬክሶንም ሆነ የድብርት መድኃኒት ሐኪም ያዘዘውን ሐኪም ብቻ ያቆመዋል፤ የኤኤ የራሱ መመሪያም አባላት እንደ ሐኪም እንዳይሆኑ ያስጠነቅቃል። የመከሩዎት ሰው ቅን ሊሆን ይችላል፣ ግን ተሳስቷል።

እንደገና ጠጣሁ። በምን ፊቴ ልመለስ?

በዚያው ፊትዎ። ቀን ቆጠራው ከ1 ይጀምራል እንጂ የተማሩት አይጠፋም። ጠጥተውም ቢሆን ሳይረብሹ መቀመጥ በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ያን ዕለት አይናገሩ፣ መኪናም አይንዱ። ሰው ሲሰናከል የሚጠፋው በሐፍረት ነው፣ የጠፋበት ሳምንት ሲረዝምም መመለሱ ይከብደዋል። በማግሥቱ ይደውሉ። በየቀኑ መጠጣት ከጀመሩ ስለ ማቋረጥ ሕመም ከላይ ያልነው እንደገና ይሠራል።

ባለቤቴ ነው የሚጠጣው፤ እኔስ?

አል-አኖን በ1951 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የቤተሰብ ስብሰባ ነው፤ እሱ ባይሄድም እርስዎ መሄድ ይችላሉ። ጠርሙስ በመደበቅና በመድፋት ጉልበትዎን አይጨርሱ።

የአማርኛ ስብሰባ ራሳችን መጀመር እንችላለን?

ይቻላል። መጠጥ ለማቆም የሚሰበሰቡ ሁለት ሰዎች ካሉ ቡድን ናቸው። ከእድርም፣ ከፖለቲካም፣ ከአጥቢያም ስም አያይዙት፤ ክፍሉን በነፃ ቢሰጧችሁም ትንሽ ኪራይ ክፈሉ። ቀንና ሰዓቱን አትለዋውጡ። መሪ፣ ገንዘብ ያዥና ቁልፍ ያዥ ይኑሩ፣ በየ6 ወሩ ይቀያየሩ፤ አንድ ሰው ለዓመታት ከያዘው የእሱ ቤት ይመስላል። መክፈቻውን በአማርኛ ጽፋችሁ በየሳምንቱ ያንኑ አንብቡ። ለአካባቢው ጽሕፈት ቤት አሳውቃችሁ በዝርዝሩ ላይ ካላስገባችሁት ማንም አያገኛችሁም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማንም የማይመጣበት ማታ ይኖራል። ቡናውን አፍሉ፣ መብራቱን አብሩ፣ በሩን ከፍታችሁ ሰዓቱ እስኪሞላ ተቀመጡ።